ወደ ሜዳው የሚያመለክተው ድንጋይ

ድንጋይ ይሸታል ስላቸው ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ አጥር ሊያሠራ ግንበኛ አመጣ። ሰውየው ጥቁሩን ድንጋይ በመዶሻ ሲፈልጠው ያ ሽታ አጥሩን ተሻግሮ መጣ፤ ገና የተጫረ ክብሪት የሚመስል፣ አፍንጫ የሚኮረኩር። የያዝኩትን ሽንኩርት አስቀምጬ ቆምኩ። ስንት ዘመን አልፎትም ያ ሽታ ለእኔ የአንድ ሰው ኮት ሽታ ነው፤ የጋሽ ልሳኑ።

ጋሽ ልሳኑ ሱሉልታ በጓሯችን ያለችውን አንዲት ክፍል የተከራየው በጃንሆይ ጊዜ፣ እኔ ፊደል ጨርሼ ንባብ በጀመርኩበት ሰሞን ነው። አባቴ የድርቆሽ ነጋዴ ስለነበር ከጥቅምት ጀምሮ ግቢያችን በሣር ክምር ይሞላል። ተከራያችን በክምሮቹ መሀል ጎንበስ ብሎ ሲያልፍ የካኪ ኮቱ ኪሶች በድንጋይ ክብደት ወደ ጉልበቱ ይንጠለጠላሉ። ዘመድ ሲጠይቀው አይቼ አላውቅም። ዓመት በዓል ሲሆን እናቴ ምግብ ሸፍና በእኔ ትልክለታለች። እሱ በሩን ከፍቶ ያየኝና ቀኑን ረስቶት ኖሮ "ለካ ዛሬ ነው?" ይለኛል።

የሚሠራው አዲስ አበባ፣ ካርታ የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት ነበር። ከአውሮፕላን የተነሱ ፎቶግራፎችን ማየት ሥራው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያኖርና አጫጭር እግሮች ያሉት መነጽር ከላያቸው ያቆማል። አንድ እሑድ እኔንም አሳየኝ። ጠፍጣፋው ወረቀት ድንገት ተነሳብኝ፤ ኮረብታችን እንደ ድፎ ዳቦ አብጦ ቁጭ! ከዚያ በጥፍሩ እያመለከተ ዓይኔን መራው፤ ኮረብቶቹ ሜዳውን ከበውታል፣ ጅረቱም ክቡን ተከትሎ ይታጠፋል። ሁልጊዜ የምሮጥበት ሜዳ ነበር፣ ክብ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

"ውስጡ እየኖርሽ አይታይሽም" አለኝ።

እንደ እሱ አባባል፣ ሰው ሳይፈጠር በፊት ከሰማይ የወረደ አለት እዚህ ወድቋል። የከፈተውን ጉድጓድ አፈርና ውሃ ሞልተው ደብቀውታል። አለቆቹ ሳቁበት። አገሩ ሁሉ የእሳተ ገሞራ ነው፣ ክብ ነገር መች ጠፋ አሉት። እሱም ይህን አይክድም ነበር። ስለዚህ የሚፈልገው ልዩነቱን የሚናገር ድንጋይ ነው። እንዲህ ባለ ምት የተሰነጠቀ ድንጋይ ጫፉ ሾጣጣ ይሆናል፣ ከጫፉም እንደ ፈረስ ጭራ የሚበተኑ መስመሮች ይወርዳሉ። ጫፎቹ ሁሉ ምቱ ወደ ወረደበት ወደ መሀል ያያሉ። ያ ከተገኘ ዕድሜውን ማወቅም ይቻላል፤ በምቱ የቀለጠው ድንጋይ ውጭ አገር ተልኮ ይመረመራል። ድንጋይ ሲቀልጥ የድሮ ዕድሜው ይሰረዝለትና እንደገና ከባዶ ይጀምራል አለኝ። ለሰውም እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነበር ብሎ ወደ ፎቶግራፎቹ ተመለሰ።

የእኛ ሰፈር ግን ምን ሲባል ይህን ያምናል! ጣሊያን ሲሸሽ ወርቅ ቀብሮ ሄዷል የሚለውን ወሬ የማይቀበል ሰው አልነበረም። ካርታ ቤት የሚሠራ፣ ድንጋይ የሚቀጠቅጥ ሰው ሌላ ምን ሊፈልግ ይመጣል? እሱ በመዶሻ የነካውን ቦታ በማግሥቱ ሌሎች በዶማ ይገለብጡታል። አባቴም አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀው። ጋሽ ልሳኑ እውነቱን አንድ በአንድ አስረዳው። አባቴ ሰምቶ ሲያበቃ "ገባኝ፣ ገባኝ" አለና በዓይኑ ጠቀሰው። በኋላ ለእናቴ፣ ሰው ይህን የሚያህል ውሸት የሚዋሸው የሚደብቀው ነገር ትልቅ ቢሆን ነው አላት።

በበጋ አንድ ቀን ጋሽ ልሳኑ እየሮጠ ገባ። ኦቦ ቱሉ በሚባሉ ገበሬ ጎረቤታችን መሬት ላይ፣ ጅረቱ በቦረቦረው ገደል ውስጥ፣ እነዚያን ድንጋዮች አግኝቷል። ጫፎቻቸው ሁሉ ወደ ሜዳው መሀል ያያሉ። ለእናቴ ሲነግራት ይስቃል፤ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከኮሌጅ አንድ የድንጋይ ሊቅ መጥተው ቢያረጋግጡለት የሳቁበት ሁሉ ዝም ይላሉ። እሳቸው እስኪመጡ ድረስ እንዳይምታታበት ብሎ በየድንጋዩ ላይ፣ ጫፉ ወደሚያይበት፣ በኖራ ቀስት ቀባ። ወይኔ ጋሽ ልሳኑ! ወርቅ ለሚፈልግ ሰፈር ቀስት ሥሎ ሄደ።

ሊቁ በላንድሮቨር የመጡ ቀን እኛ ልጆች ተከትለን ሄድን። ገደሉ ተንዷል። በቦታው ሰፊ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ድንጋዮቹ ተፈንቅለው ከነቀስታቸው ጥግ ላይ ተከምረዋል። አንዱ ቀስት ወደ ሰማይ፣ ሌላው ወደ እኛ ያመለክታል። ሊቁ ደግ ሰው ነበሩ። አንዱን አንስተው እያገላበጡ ቆዩ። መስመሩ የተባለውን ይመስላል፣ ሌላም ነገር እንዲህ ሊያደርገው ይችላል፤ ከቦታው የተነሳ ድንጋይ ግን አይመሰክርም አሉ።

ኦቦ ቱሉ ከገበያ ተመልሰው ይህን ሲያዩ በትራቸውን ጥለው ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ።

"ኦቦ ልሳኑ፣ የትኛው የት እንደነበር ንገረኝ። በእጄ እመልሰዋለሁ።"

"የነበረበትን እኔማ አውቀዋለሁ፣ ኦቦ ቱሉ" አለ ጋሽ ልሳኑ። "እሳቸው ግን የመጡት እኔን ሊጠይቁ አይደለም። ድንጋዩን ነበር።"

አባቴ ያን ቀን ጭቃ የጠጣ ጫማውን ከጓሮ ተደብቆ ራሱ አጠበ። በዕድሜው ጫማ አጥቦ አያውቅም። እናቴ አይታው ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ጋሽ ልሳኑ ክረምት እስኪገባ ጅረቱን ሽቅብ ቁልቁል ሲል ከረመ፤ ሌላ አላገኘም። ከዚያ ወደ ሩቅ ጠቅላይ ግዛት ተዛወርኩ ብሎ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። አባቴ አውቶቡስ እስኪመጣ አብሮት ቆመ፣ እኔም ከጎኑ። አባቴ "ያን ቀን እኔም..." ብሎ ጀመረ። ጋሽ ልሳኑ እጁን ጨበጠው።

"ተወው። ወርቅ መስሎኝ ቢሆን እኔም እቆፍር ነበር።"

ከዚያ በኋላ ወሬውን አልሰማንም። በክፍሉ ውስጥ ቀስት ያለበት አንድ ድንጋይ ትቶ ነበር። አባቴ ተሸክሞ ደጃፋችን ላይ አኖረው፤ ቀስቱ ወደ ሜዳው መሀል እስኪያይም ደጋግሞ አዞረው። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ቤቱ ኖራ ሲቀባ መጀመሪያ ቀስቱን ይቀባል። ምክንያቱን የጠየቀው የለም። እሱ ከሞተ ወዲህ የምቀባው እኔ ነኝ።

ግንበኛው ውሃ ሊለምነኝ መጥቶ ድንጋዩ ላይ ዓይኑን ጣለ። "እማማ፣ ይሄ ለማዕዘን ይሆነኛል፣ ልውሰደው?" አለኝ።

ውሃውን ሰጠሁት። "እሱ ከቦታው አይነሳም" አልኩት።