እትዬ ብርቄ የተሳለሟት ድንጋይ

አስራ ስምንት ማዞሪያ ታክሲ ስጠብቅ ከኋላዬ ካለው ክትፎ ቤት የኮባ ቅጠልና የተነጠረ ቅቤ ሽታ ይመጣና ሰልፌን ያስለቅቀኛል። የሚጠራኝ ሆዴ አይደለም፤ እትዬ ብርቄ ናቸው።

እትዬ ብርቄ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ የጎጃም ሴት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ዘምቶ መርዶው መጣ፣ አስከሬኑ ግን አልመጣም፤ ከዚያ ወዲህ «ያልቀበርኩትን ልጅ ይዤ ሥጋ አልቀምስም» ብለው በፋሲካ እንኳ ሽሮ ይበሉ ነበር። እናቴ በየበዓሉ ጉርሻ ጠቅልላ ትዘረጋላቸዋለች፣ እሳቸው «እግዜር ይስጥሽ» ብለው እጇን ቀስ አድርገው ይመልሳሉ፣ ጉርሻዋም እኔ አፍ ውስጥ ትገባለች። በሐዘናቸው የወፈርኩት እኔ ነኝ።

አባቴ አየር ጤና ሰፈር መካኒክ ነበር። አንድ እሑድ፣ የጠገነውን ፒካፕ ረጅም መንገድ ሳይሞክር እንደማያምነው ለመኪናው ባለቤት ነግሮ ጢያ ድረስ ሊወስደን ተነሳ። እናቴ «ጥንታዊ ቦታ ነው» ብላ እትዬ ብርቄን ለመነቻቸው። እሳቸው ጥንታዊ ሲባል ከገዳም ሌላ አይታያቸውምና ቁርስ ሳይቀምሱ ጧፍ ይዘው ወጡ። እኔ ከኋላ ተጭኜ አቧራ እየዋጥኩ፣ የአዋሽን ድልድይ ስንሻገር እየዘፈንኩ ደረስን።

ሜዳው ላይ ሰይፍ የተቀረጸባቸው ረጃጅም ድንጋዮች ቆመዋል። እትዬ ብርቄ ጫማቸውን አጥሩ በር ላይ አውልቀው የመጀመሪያውን ድንጋይ በግንባራቸውና በከንፈራቸው ተሳለሙ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል እናቴ ቆነጠጠችኝ።

አባቴ ጠጋ ብሎ «እትዬ፣ ቤተ ክርስቲያን እኮ አይደለም፣ መቃብር ነው» አላቸው።

«የማን?»

«አይታወቅም» አለ የቦታው ጠባቂ። «ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው ይባላል።»

እትዬ ብርቄ በድንጋዮቹ መሃል ሲዞሩ ቆይተው አንዲት አጭር፣ ዘመም ያለች ድንጋይ አጠገብ ተቀመጡና «ስማቸው ጠፍቶም ድንጋይ ቆሞላቸዋል» አሉ። የልጃቸውን ስም ጠርተው፣ በመርዶው ቀን እንኳ ያልወጣላቸውን ለቅሶ አለቀሱ። ጧፏን ሲያበሩ ጠባቂው መከልከል ነበረበት መሰለኝ፤ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ስንመለስ መንገድ ዳር ካለች ምግብ ቤት ገባን። ክትፎው በኮባ ላይ ሆኖ ከትኩስ ቆጮ፣ ከአይብና ከጎመን ጋር ቀረበ። እናቴ እንደ ልማዷ ጉርሻ ጠቅልላ ዘረጋች፤ እኔም እንደ ልማዴ አፌን ከፍቼ ጠበቅኩ። እትዬ ብርቄ ጎረሱ። እናቴ እጇን መመለስ አቅቷት አለቀሰች፤ እኔ ግን የተቀማሁትን ጉርሻ እያሰብኩ አኮረፍኩ።

ዛሬ ያ ግቢ ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል፣ እናቴም እትዬ ብርቄም የሉም። እኔም በር ለበር የሚጎራበቱኝን፣ ጥቁር ለብሰው ደረጃ ላይ የማገኛቸውን እናት ስም ሳላውቅ ወራት አሳልፌ ነበር። ትናንት አንኳኳሁ። እሑድ ልጄን ጢያ ልወስዳት ነውና አብረውን እንዲመጡ ለመንኳቸው፤ ትንሽ አስበው እሺ አሉኝ። ጉርሻውን እኔ እጠቀልላለሁ፤ ልጄ አፏን ከፍታ ትጠብቅ።