ያው ቤት፣ እንደ አዲስ

ጋሽ ፍሬን የሚለው ስም የወጣለት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ነው። ቢጫ መብራት ገና ከሩቅ ሲያይ ፍሬን ይይዛል፤ ተሳፋሪው “ኧረ ንዳው!” ብሎ ቢጮህም ግድ አልነበረውም። ጡረታ ከወጣም በኋላ ጠባዩ አልለቀቀውም። ስለዚህ ቤቱን ሊሸጥ ቆርጦ ማስታወቂያ ያወጣ ዕለት ሚስቱ ጆሮዋን ማመን አቅቷት ነበር።

የሚሸጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። መኝታ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው፤ የሚስቱ ጉልበት ደግሞ ደረጃ እምቢ ብሏል። ልጃቸው ከምትኖርበት ሕንጻ ምድር ቤቱ ላይ የሚሆናቸው ቤት ተገኝቷል። የእነሱ ቤት ግን አልሸጥ አለ። ሰው ይመጣል፣ ግድግዳውን በጣቱ ቆርቆር ያደርጋል፣ ቧንቧ ከፍቶ ይዘጋል፣ “ግሩም ቤት ነው” ይልና በዚያው ይቀራል።

“ይሄ ማስታወቂያ ፅንስ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ተወልዶ ይድህ ነበር” አለች ሚስቱ።

ማስታወቂያውን ካወጣችላቸው ደላላ ጋር የገቡት ውል ሊያልቅ ሲል ደላላዋ መጣች።

“ጋሼ፣ ገበያው ተኝቷል። ማስታወቂያውን እናውርድና ትንሽ እናሳርፈው። ከዚያ እንደ አዲስ እናወጣዋለን።”

“ቤቱ ያው ቤት አይደለም እንዴ?”

“ያው ነው።”

“ታዲያ ምኑ ነው አዲሱ?”

“ቀኑ ነዋ! ሰው የሰነበተ ነገር ሲያይ ይጠረጥራል። ካልፈለጉ ደግሞ እንዳለ ይቀጥል። እርስዎ ይወስኑ።”

እንግዲህ እሱን “ወስን” ማለት ጣጣ ነው። ጎረቤቱን ጠየቀ። “አውርደው፣ ቤትህን አታርክሰው” አለው። አማቹን ጠየቀ። “ካወረዱትማ ተረሳ ማለት ነው፤ እንዳይነኩት” አለው። ሁለቱም ሲናገሩ እውነት ይመስላሉ። እሱ መሐል ላይ ቀረ።

የሚስቱን መድኃኒት ሊገዛ የሄደ ቀን፣ ቤቱን አይታ የቀረችውን ሴት ከፋርማሲው ባንኮኒ ኋላ አገኛት።

“ልጄ፣ አልቀየምሽም፤ እውነቱን ንገሪኝ። ቤቴ ምን ጎደለው?”

ሴትዮዋ ተሽኮረመመች። “ሳሎኑ ትንሽ ጨለመብኝ” አለችው።

ሲመለስ አውቶቡስ ውስጥ ቤቱን አይቶ የሄደ ሌላ ሰው ገጠመው፤ መምህር ነው። እሱንም ጠየቀው።

“ፀሐዩ በዛብኝ፣ ጋሼ። እዚያ ሳሎን ቁጭ ብዬ ፈተና ማረም አልችልም።”

ጋሽ ፍሬን መውረጃውን አልፎ ሄደ። ዕድሜ ልኩን ሌላውን ሰው ሲያወርድ የኖረ ሰው!

ቤት ሲደርስ ወንበር ስቦ ሳሎኑ መሐል ተቀመጠ። አንዴ ወደ መስኮቱ፣ አንዴ ወደ ጥጉ ያያል።

“ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?” አለች ሚስቱ።

“ይሄ ሳሎን ጨለማ ነው ወይስ ብርሃን?”

“ሳሎን ነው።”

በነጋታው ደላላዋ ጋ ደወለና “አውርጂው” አላት። ማስታወቂያው ወረደ። እገላገላለሁ ብሎ ነበር፤ ባሰበት። ስልኩ ዝም ሲል ይከፋዋል፤ ሲጮህ ደግሞ ይደነግጣል። እንኳን ሌላ ሰው፣ ራሱም ቤቱን ይጠረጥረው ጀመር።

አንድ ጠዋት ከደረጃው ዱብ፣ ዱብ የሚል ድምፅ ሰማ። ወጥቶ ቢያይ ሚስቱ በመቀመጫዋ አንድ አንድ ደረጃ እየተንሸራተተች ትወርዳለች።

“መቼ ጀመርሽ ይሄን?”

“ቆየሁ። ይፈጥናል ባክህ” ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። እጇን ይዞ አነሳትና ስልኩን ፈለገ።

“መልሰሽ አውጪው” አላት ደላላዋን።

“ዋጋውን ቀነስ እናድርገው?”

“እኔ እንጃ።”

“አዲስ ፎቶስ?”

“እኔ እንጃ አልኩሽ! ብቻ አውጪው።”

በዚያው ፎቶ፣ በዚያው ዋጋ ወጣ። የገዛችው አንዲት ጸጉር ሠሪ ናት። ልታይ መጥታ በስልክ ስታወራ ቆየች፤ ፎቁን ቀና ብላ አላየችውም። ውል የተፈራረሙ ቀን ጋሽ ፍሬን አላስችል ብሎት ጠየቃት።

“ምኑን ወደድሽው?”

“እኔ እንጃ ጋሼ። ብቻ ደስ አለኝ።”

አሁን ከልጃቸው ሥር ይኖራሉ። ሚስቱ እንደ ልቧ ወጣ ገባ ትላለች። እሱ ግን ማውረዱ ይሁን ማውጣቱ ወይስ እንዲያው ዕድል፣ ቤቱን የሸጠለት የትኛው እንደሆነ እስከዛሬ አልገባውም። የድሮ ጎረቤቱ “አላልኩህም?” ይለዋል፤ አማቹም እንደዚያው ይለዋል። እሱ ለሁለቱም ራሱን ይነቀንቅና እጁን ሊታጠብ ይነሳል፤ እንደ ድሮው ቤት መታጠቢያ ክፍሉ መስሎትም የቁም ሣጥኑን በር ይከፍታል።