የነፃው ሥልጠና እሾህ

ሄዘል ብላንቻርድ እንግሊዝ አገር፣ ግሪምስቢ ወደብ ላይ የዓሣ ማቀዝቀዣ ቤት ኤሌክትሪሺያን ናት። ማታ ማታ ተምራ የፊዚክስ ዲግሪ ይዛለች፤ ዲግሪው ግን ግድግዳ ላይ ሆኖ አቧራ ይጠጣ ነበር። የፊዚክስ አስተማሪ ጠፍቷልና መንግሥት ለሚሠለጥን ሰው ዓመቱን ሙሉ እየከፈለ የመምህርነት ፈቃድ ያስይዛል ሲባል ስትሰማ፣ መጀመሪያ ያለችው "ምን ፈልገው ነው?" ነው።

አይፈረድባትም። የድሮ አሠሪዋ እሷንና ባልደረቦቿን በነፃ ነው ብሎ ብየዳ አስተምሯቸው፣ ሥራ ሲለቁ የሥልጠናውን ዋጋ ከደመወዛቸው ቆርጦባቸዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ባሏ ትሬቨር ድንች ጥብሱ ላይ ኮምጣጤ እያፈሰሰ ይስቅባታል።

"አንቺ እኮ ገነት በር ላይም ብትደርሺ መግቢያው ስንት ነው ትያለሽ!"

"እጠይቃለኋ! መሐል ላይ ቢያቅተኝና የከፈልንሽን መልሺ ቢሉኝስ? ቤታችንን ልንሸጥ ነው?"

ሄዘል ትልቀቅ ትቆይ፣ እስከ ዓርብ ለአለቃዋ መንገር አለባት። ከለቀቀች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል።

እንግዲህ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አንድ ልማድ አለው። ሽቦው መብራት የለውም ቢሉት አያምንም፤ መብራት መኖር አለመኖሩን የሚያሳየውን ቴስተሩንም አያምንም። መጀመሪያ ቴስተሩን መብራት እንዳለው በሚያውቀው ሽቦ ይሞክራል፣ ቀጥሎ የሚነካውን ሽቦ ያያል፣ ከዚያ ተመልሶ የመጀመሪያውን። ቴስተሩ መሐል ላይ ተበላሽቶ ቢሆንስ? ሄዘልም የሥልጠናውን ቢሮ እንዲሁ ልትሞክረው ቆረጠች።

ስልኩን ያነሣችው ዳፍኒ የምትባል ልጅ ናት።

"ለስፖርት አስተማሪም ትከፍላላችሁ?" አለች ሄዘል፣ እንደማይከፍሉ እያወቀች።

"ኧረ የለም እመቤቴ፣ ለስፖርት ምንም የለንም።"

ቴስተሩ ይሠራል። "እሺ፣ ፊዚክስ ጀምሬ ባቋርጥስ፣ የበላሁትን ታስመልሱኛላችሁ?"

"እሱን እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። ጠይቄ ልደውልልዎት?"

ሄዘል ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። ይኸው፣ ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው! "ለስፖርት ምን አልሽኝ?"

"ምንም የለም አልኩዎት እኮ! እየፈተኑኝ ነው እንዴ?" ብላ ሳቀች።

"የሥራ ልማድ ነው፣ አትቀየሚኝ።"

ሄዘል፣ ልጅቷ አትደውልም ብላ ነበር። ከምሳ በኋላ ግን ዳፍኒ ደወለች።

"ካቋረጡ ክፍያው ይቆማል። እስከዚያ የሠለጠኑበት የእርስዎ ነው። ካቋረጡ በኋላ የገባ ገንዘብ ካለ ግን ይመልሳሉ። ደስ አይልም፣ ግን ልደብቅዎት አልፈለግሁም።"

ሄዘል ማታ ለትሬቨር ነገረችው።

"እሾህ አለዋ!" አለ። "እና ተውሽው?"

"ምን ቆርጦኝ! ያለ እሾህ ቢሰጡኝ ነበር የምሸሸው። ይሄን አሁን አየሁት፣ የት እንደሚወጋኝ አውቃለሁ።"

ዓርብ ለአለቃዋ ስትነግረው፣ ሰውዬው ቶሎ ብሎ "ደመወዝ ልጨምርልሽ" አለ።

"እስከ ዛሬ የት ነበር?" አለችው፤ እሱንም ጠረጠረችው።

መስከረም ላይ ሥልጠናውን ጀመረች። ጎረቤቷ የመሣሪያ ሳጥንሽን ሽጪልኝ ቢላት፣ "ይቆይ፣ መጀመሪያ አሠልጣኞቹን ልያቸው" ብላ መለሰችው።