ንግሥት ያልታጠበችበት ገንዳ

የእናቴ ታናሽ ወንድም በሕይወቱ ጀልባ ላይ የወጣው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ አስመልሶታል። ሰፈሩ ግን «ካፒቴኑ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ቆቡ ነው። መልሕቅ የተጠለፈበት ሰማያዊ ቆብ ነው፤ አንድ ጎብኚ ባሕሩ ዳር ያለው ዋሻ ውስጥ ረስቶት ሄደ ይላል። እኔ እንኳ «ረስቶት» በሚለው ላይ ጥርጣሬ አለኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። አጎቴ ለራሱ ቆብ አገኘለት፤ ለአፉ ግን እስከ ዛሬ መክደኛ አልተገኘም።

ዓሣ አጥማጅ እንዳይሆን ባሕሩ ተፋው። ከዚያ ገደሉ አናት ላይ ያለው፣ ድሮ ለመርከቦች መብራት ይበራበት የነበረው ማማ ጠባቂ ሆነ። መብራቱ ከጠፋ ሃያ ዓመት አልፎት ስለነበር ሥራው ከጥላ ወደ ጥላ እየተዘዋወሩ መተኛት ነበር። በኋላ አስፋልቱ እስከ መንደራችን ሲደርስ ባሕርና ፍርስራሽ ማየት የሚወዱ ሰዎች በመኪና መምጣት ጀመሩ። አጎቴም በአርባ ሦስት ዓመቱ ጥሪውን አገኘ፤ አስጎብኚ ሆነ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይላሉ። የእኛው ጅብ መሄድም አላስፈለገው፤ የማያውቁት ሰዎች በራሳቸው ነዳጅ መጡለት።

የአሠራሩን ዘዴ አንድ ቀን በኩራት ነገረኝ። ሰው ከመኪና ሲወርድ ፊቱን አያይም፣ ጫማውን ነው የሚያየው። የቆዳ ጫማ ያደረገ ገደል አይወጣም፤ ስለዚህ ማማውን ከታች ሆኖ እያሳየ የመርከብ መስጠም ይተርክለታል። ሸራ ጫማ ያደረገውን ወደ ዋሻው ይወስደዋል፤ እዚያ የባሕር ወንበዴዎች አሉ። ጥንድ ሆነው እጅ ለእጅ ተያይዘው የመጡትን ግን ጫማቸውንም አያይም፤ በቀጥታ ወደ ንግሥቲቱ መታጠቢያ።

ንግሥቲቱ የራሱ ሥራ ናት። ለአዲስ ሙሽሮች ባሏ ከባሕር እስኪመለስ የምትጠብቅ ወጣት ነበረች። ለአሮጊቶች ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገች መበለት ሆነች። አንድ ጊዜ ሐኪም መጣና ንግሥቲቱን የቆዳ በሽታ ያዛት፤ የባሕሩ ውኃ ፈወሳት። ሐኪሙ ማስታወሻ ያዘ። ሰው ይህን ያህል ተምሮ ይህን ያህል መሞኘቱን ሳይ፣ ከአጎቴ ይልቅ ሐኪሙን ናቅሁት። ቀጥዬ ግን ሁለቱንም ናቅኋቸው፤ ለሁለቱም የሚበቃ ንቀት ነበረኝ።

መታጠቢያ የሚለው ጉድጓድ ከገደሉ ሥር፣ ማዕበሉ ከማይደርስበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ገንዳ ነው። ዓሣ በጨው የሚደረደርበት ገንዳ ነበር። እናቴ እዚያ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ የገዛ እህቱ። እሷ በጨው እግሯ የተሰነጣጠቀበትን ቦታ ከቶ ላልነበረች ንግሥት ሰጠባት። ይህን ነበር የማልምርለት። እናቴ ከሞተች በኋላ ደግሞ ስሰማው ጭራሽ አንገፈገፈኝ።

አምና ታዲያ አጎቴ ስልክ ደወለልኝ። የባህል ቢሮ አዲስ ደንብ አውጥቷል፤ ፈቃድ የሌለው ማስጎብኘት አይችልም። አንዲት ባለሙያ መጥታ አብራው ዞራ፣ አዳምጣው ትወስናለች። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ደግሞ የተማረ ምስክር ማቅረብ አለበት። ፈቃዱን ካጣ ሌላ የሚያውቀው ሥራ እንደሌለ እሱም እኔም እናውቃለን። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሚስቱ በሽተኛ ናት።

«አንተ ምንም አትናገር» አለኝ። «ከጎኔ ቆመህ ራስህን ነቅንቅ። የተማረ ሰው ራሱን ሲነቀንቅ ያምራል።»

እኔ ታሪክ ተምሬ የውኃ ድርጅት መዝገብ ቤት ፋይል የምደረድር ሰው ነኝ። ከሚነቀነቅ ራስ በቀር ሌላ ነገር ከእኔ አለመጠበቁ አናደደኝ። እሺ አልኩት። የሄድኩት ግን ራሴን ልነቀንቅ አልነበረም።

ባለሙያዋ ከሠላሳ አምስት የማትበልጥ፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት። ያደረገችው ጭቃ የለመደ የላስቲክ ቦት ጫማ ነበር። አጎቴ ጫማዋን አይቶ ግራ ገባው፤ ለቦት ጫማ የተዘጋጀ ታሪክ አልነበረውም። ስለዚህ ያለውን ሁሉ አወጣ። ማማው ላይ ሦስት መርከብ አሰጠመ። ዋሻው ውስጥ የወንበዴዎቹን አለቃ አንድ ዓይኑን አጠፋው። «ክብርት ኃላፊ» እያለ ድንጋይ በተንከባለለ ቁጥር ክንዷን ይደግፋል፤ እሷ ሳትንሸራተት እሱ ሁለት ጊዜ ተንሸራተተ።

እውነት ለመናገር ቀኑ ያምር ነበር። ከገደሉ አፋፍ ሲታይ ባሕሩ እስከ ዓይን ማብቂያ ተዘርግቶ፣ ከሥር ነጭ አረፋ ጥቁሩን ድንጋይ እየላሰ ይመለሳል። ያደግሁት ይህን እያየሁ ነው። ለእኛ ያኔ ውበት አልነበረም፤ እናቶቻችን ከሥራ የሚመለሱበት አቅጣጫ ነበር። አሁን ሰዎች ከሩቅ መጥተው ጀርባቸውን ሰጥተውት ፎቶ ይነሱበታል።

ገንዳው ጋ ስንደርስ አጎቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ንግሥቲቱ ዛሬ ሁሉንም ነበረች፤ ሙሽራም፣ መበለትም፣ በሽተኛም። በውስጠኛው ግድግዳ ላይ የተጫሩትን ብዙ አጫጭር መስመሮች እያሳየ ባሏን የጠበቀችባቸው ቀናት ናቸው አላት። ባለሙያዋ እስኪጨርስ ጠበቀችና ወደ እኔ ዞረች።

«እርስዎ የታሪክ ሰው ነዎት አሉኝ። ይህን ያረጋግጣሉ?»

አጎቴ አላየኝም። ባሕሩን አየ።

«ንግሥት የምትባል እዚህ አልነበረችም» አልኩ። «ዓሣ በጨው የሚደረደርበት ገንዳ ነው። እናቴ እዚህ ውስጥ ሠርታለች። የእሱ እህት።»

ይክዳል፣ ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ቆቡን አውልቆ መላጣውን ጠረገና መልሶ ደፋው።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ምሳዋን የማደርስላት እኔ ነበርኩ። ግን አንተ፣ ሰው እናትህ ዓሣ ያሸችበትን ጉድጓድ ለማየት ከመኪናው የሚወርድ ይመስልሃል?»

«እኔ ወርጃለሁ» አለች ባለሙያዋ። ማስታወሻዋን አዲስ ገጽ ላይ ገለጠች። «እስቲ እሱን ይንገሩኝ፣ አባት። እንዴት ነበር የሚሠራው?»

ስለሌለች ሴት ሩብ ሰዓት ያለ እረፍት ያወራው ሰው፣ ስለ ገዛ እህቱ ሲጠየቅ ዓሣው ይመጣል አለ፤ ጨው ይደረግበታል፤ ከዚያ ይወጣል። ስንት ቀን ይቆያል ስትለው እንደ ዓሣው ነው አለ። ሴቶቹ ስንት ነበሩ? ብዙ። ከሥር ያለው ቀዳዳ ለምንድን ነው? ለውኃ። የሚገባው ነው የሚወጣው? አጎቴ ቀዳዳውን ገና ዛሬ ያየው ይመስል ጎንበስ ብሎ ተመለከተው። ምሳውን ከላይ ከጠርዙ ላይ አስቀምጦ፣ ሽታውን ሽሽት ይሮጥ እንደነበር በኋላ ራሱ አመነ።

«መስመሮቹስ? እውነቱ ምንድን ነው?»

አላወቀም። አየኝ። እሷም አየችኝ።

እኔም አላወቅሁም። የተሞሉ በርሜሎች ይሆኑ፣ የሥራ ቀናት ይሆኑ፣ ወይስ እናቴ ራሷ በሆነ ነገር የጫረችው ይሁን፣ አላውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ከጎኔ ተቀምጣለች፤ አንድ ቀን አልጠየቅኋትም። እንዲያውም አግዳሚው ላይ ስትቀመጥ ወደ ዳር እሸሽ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስገባ አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ሸኘችኝ፤ እጇን በመስኮት ስትሰድልኝ ጓደኞቼ ሽታውን እንዳይሰሙ መስኮቱን ዘጋሁት። ከዚያ ሄጄ አራት ዓመት ስለ ነገሥታት ተማርኩ።

ባለሙያዋ ማስታወሻዋን ከደነችው። አልተቆጣችም። ሁለታችንንም እኩል አየችን፤ ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ በአጎቴ ላይ የተጠቀምኩበት ነው።

ስንመለስ አጎቴ ከፊቴ ይሄድ ነበር። መንገዱን አጋምሰን ቆመ።

«አሁን ተሻለህ?» አለኝ። «እኔ እኮ ብታዋርደኝም ወሬ የምፈትል መሃይም ነኝ። አንተን ምን አስተማሩህ? የኔ ውሸት ቢያንስ ሲጠይቁት ይመልስ ነበር።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ልለው አሰብኩ፤ ግን ስለ የትኛው እንደሆነ ሳልወስን እሱ ሄደ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤው ደረሰው። ፈቃዱን አግኝቷል። የማማውና የዋሻው አፈ ታሪክ ጉዳት የለውም፣ «ሲባል ሰምቻለሁ» እያለ ይተርከው ይላል። ገንዳው ግን ታሪኩ በማስረጃም በምስክርም ስላልተረጋገጠ ከጉብኝቱ ይውጣ። ማኅተም አለው። አጎቴ አስለብዶ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል።

ዘንድሮ የሚስቱን ሕመም ልጠይቅ ሄጄ፣ ሰባት የሚሆኑ ጎብኚዎች ይዞ ሲወርድ ከኋላ ተከተልኳቸው። ከዋሻው ሲመለሱ መንገዱ በገንዳው ጠርዝ ያልፋል። አንዲት ጠና ያለች ሴትዮ ቆመች። ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች፤ መስመሮቹን አይታቸው መሆን አለበት፣ ይህ ምንድን ነው ስትል ጠየቀችው።

አጎቴ ከሰዎቹ ጀርባ ቆሜ አየኝ። አፉን ሊከፍት ሲል ጠበቅሁ። ንግሥቲቱን ቢጠራት ያን ቀን ዝም እለው ነበር።

«ምንም አይደለም» አላት። «ጉድጓድ ነው። እግርዎን ይጠብቁ።»

ሴትዮዋም እግሯን ጠብቃ አለፈች።