የእማማና የእኔ እንክብሎች በአንድ ሳህን

በዕብራይስጥ ሽኩና ዳሌት በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ጤፍ እሸጣለሁ። ስኳር አለብኝ፤ እሱም ከሰውነቴ ሁሉ እግሬን መርጦ እንደ ሚጥሚጣ ይለበልበኛል። ከሱቄ በላይ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት እማማም ያው ሕመም ነበረባቸው። የእሳቸው ይብሳል፤ ሕንፃው ሊፍት የለውም። ልጃቸው ደግሞ ደረጃው ካቃታቸው ቤት አቮት፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ እንደሚያስገባቸው ቁርጡን ነግሯቸዋል። "እዚያ ድንች ደፍጥጠው በማንኪያ ያጎርሱኛል" ይሉ ነበር፣ ጥርሳቸው ከእኔ ይልቅ ሙሉ ሆኖ።

የዩኒቨርሲቲው ሐኪሞች ለእንዲህ ያለ እግር አዲስ መድኃኒት ሊሞክሩ ነው ሲባል አብረን ተመዘገብን። አንዲት ሐኪም በዕብራይስጥ አስረዳችን። ግማሹ ሰው መድኃኒት ያለበት እንክብል ይደርሰዋል፣ ግማሹ ምንም የሌለበት። በዕጣ ነው። ለማን የትኛው እንደደረሰ እኛም አናውቅም፣ እሷም አታውቅም። እያወቀ የሚደብቅ ሻጭ አውቃለሁ፤ ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ጭራሽ የማያውቅ ግን ያን ቀን አየሁ።

ለእማማ በራሴ መንገድ ተረጎምኩላቸው። አዲስ በርበሬ ሲመጣልኝ "የጎንደር ነው" ካልኩ ደንበኛው ሳይቀምስ ያደንቃል። እውነቱን ማወቅ ስፈልግ አዲሱንም የድሮውንም ምልክት በሌለው ከረጢት እሰጥና ሳምንት ቆይቼ እጠይቃለሁ። እማማ በጥሞና ሰሙኝ።

"ታዲያ ባለፈው የጎንደር ብለህ የሸጥክልኝ የየት ነበር?" አሉ።

ፈረምን።

በወሩ እማማ ሳያርፉ ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። የእኔ እግር ያው ሚጥሚጣ። ባዶው ለእኔ እንደደረሰ ሁለታችንም አልተጠራጠርንም። አንድ ጠዋት ሱቄ መጡና እንክብሌን አስመጡኝ፤ ሁለቱን ብልቃጥ ሳህን ላይ ገልብጠው ደባለቁ፣ እንደ ሽምብራ እየለቀሙ እኩል አካፈሉ። ይሄ ነገር የተከለከለ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ባጉተመትም፣ ጎረቤቴ እያነከሰ ብቻዬን ልድን እንዴ አሉኝ። ድርሻዬን ተቀበልኩ። ከጨዋነት አይደለም፤ ትርፍ የሸተተው ነጋዴ ክርክር አያበዛም።

ለቀጠሮ ስንሄድ ነርሷ የተረፈውን እንክብል ቆጠረች። ልክ ነው። እንዲህ ሥርዓት ያላቸው ሰዎች አላየሁም ብላ ለሐኪሟ አመሰገነችን። ሐኪሟ ስለ እግሬ ጠይቃኝ ልትጽፍ ብዕሯን ስታነሳ በርበሬው ትዝ አለኝ። ሁለቱን ከረጢት ደባልቄ ሸጬ የትኛው ይሻላል ብዬ ብጠይቅ፣ ማን ምን ሊነግረኝ ነው? ነገ በእኛ ድብልቅ መልስ ለሌላ ሰው እግር መድኃኒት ሊታዘዝ ነው። ልናገር ነው አልኳቸው እማማን በአማርኛ። እንክብሉን ይከለክሉኛል፣ ደረጃውንስ በምን ልወጣው አሉ። የሐኪሟን ብዕር አዩ።

"ንገራት" አሉኝ። "ያካፈለችው አሮጊቷ ናት በላት።"

ሐኪሟ አልተቆጣችም። መጀመሪያ የጠየቀችው ያመመን ነገር እንዳለ ነው። እንክብሉን አስቆመችን፤ ለምርመራ ግን መምጣት እንዳናቋርጥ አለችን። ጥፋታችንንም እንዳለ ጻፈችው። ያን ቀን እማማ ደረጃውን እንደ ተፈረደበት ሰው ቆመው አዩት። ወጡት። በማግስቱም ወጡት።

ጥናቱ ሲያልቅ ጠሩንና ነገሩን። ባዶው የደረሰው ለእማማ ነበር፤ መድኃኒቱ ለእኔ። ሐኪሟ እንዳለችው፣ ባዶ የሚሰጡት ለዚሁ ነው፤ ሰው ተሻለኝ ሲል ያሻለው መድኃኒቱ ይሁን ሌላ ነገር እንዲለይ። ለእማማ ስተረጉምላቸው አሰቡበት።

"እንግዲያው ያንኑ ባዶውን ትጨምርልኝ" አሉ።

አይቻልም ተባልን። ስንመለስ ሽሯቸውን ተሸክሜ አብሬያቸው ወጣሁ፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ አልኩ። እሳቸው ከላይ ሆነው ቁልቁል አዩኝ፣ ወረዱና ከረጢቱን ተቀበሉኝ።

"ልጄ ስለ መጦሪያው ሲደውል ስልኩን እሰጥሃለሁ" አሉኝ። "ቦታውን አንተ ያዘው።"