ዳኛው ያዘዛት መርጫ

ስልኩ ሲጠራ እንኳየሁ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ነበር። ቁጥሩን አላወቀችውም። እጇን በጥቁር ቀሚሷ ጠርጋ አነሣችው።

«ሄሎ፣ ዳኛው?» አለ አንድ ወንድ ከጫጫታ መሀል።

ልብሱን ትታ ከገመዱ ራቀች። «ባለቤቱ ነኝ።»

«ከአዲስ አበባ ዕቃ መጥቶለታል። አውቶቡስ ተራ፣ ጭነት ማራገፊያው ጋ ነን። መጥቶ ይውሰድ በይው። ደግሞ ከባድ ናት፤ ብቻውን እንዳይመጣ።»

«እሱ አይመጣም» አለች እንኳየሁ። «እኔ እመጣለሁ።»

ዳኛው በሐምሌ ነው ያረፈው። ዕቃው ምን እንደሆነ ግን መጠየቅ አላስፈለጋትም። ከፋሲካ ጀምሮ የሚያወራው ስለ እሷ ብቻ ነበር፤ ያለ አየር ስለምትረጭ የቀለም መርጫ። የጋራዥ መርጫ ቀለሙን በአየር እየነፋች ታበነዋለች፤ ይህቺ ግን ራሱን ቀለሙን ጨምቃ፣ የመርፌ ቀዳዳ በምታህል አፍ ገፍታ ታወጣዋለች። በር ላይ የብሩሽ መስመር የሚባል አይቀርም፣ መስታወት ነው የሚሆነው ይላት ነበር። ከእራት በፊት በስልኩ ቪዲዮ ሲያይ ይቆይና ድንገት ተነሥቶ ከወጥ ቤት ጭልፋ ያመጣል። የመኝታ ቤቱ በር ፊት ጉልበቱን ሸብረክ፣ ክንዱን ቀጥ አድርጎ ይቆማል። «ፕሽሽሽሽ» እያለ ከዳር እስከ ዳር በሌለ ቀለም ይቀባዋል።

«እሱን ትናንት ቀብተኸዋል» ትለዋለች እንኳየሁ ሽንኩርት እየከተፈች።

«ይህ ሁለተኛው ነው። ሁለት ጊዜ ስስ ስስ ተደርጎ ነው።»

«እንግዲያው ሲደርቅ ጭልፋዬን መልስልኝ።»

መርጫዋ በባጃጅ መጣች። ባለ ባጃጁ አውርዶ ሲያስቀምጣት ሁለት እግሯን፣ ሆዷን፣ የተጠቀለለ ረጅም ቱቦዋንና ሽጉጥ የሚመስል እጀታዋን አየና «እህቴ፣ ይህቺ ጠላ ትጠምቃለች እንዴ?» አለ። እንኳየሁ ሳሎን መሀል አስቀመጠቻትና ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ከየት እንደሚጀመር አላወቀችም።

የሚያስቸኩል ነገር ግን ነበር። ሲስተር ፀደይ ሆስፒታል የምትሠራ ሴት ናት፤ ቁስቋም አዲስ ቤት ሠርታ በሮቹን፣ መቃኖቹንና ከግድግዳው ግርጌ የሚዞረውን ዞኮሎ ለዳኛው ሰጥታው ነበር። ዳኛው የጓዳውን በር በብሩሽ ጀምሮ ሳለ ነው የታመመው። ሲስተር ፀደይ ለለቅሶም መጥታለች፣ ከለቅሶም በኋላ ጠብቃለች። በቀደም ግን መጥታ እንዲህ አለች፦

«እንኳየሁ፣ ኅዳር ስድስት የቁስቋም ንግሥ ነው። ዘመዶቼ በሙሉ እኔ ቤት ነው የሚሰበሰቡት። ዳኛው እንደ መስታወት ይሆናል ብሎኝ ነው የቆየሁት። የምትችይው ከሆነ ሥራው ያንቺ ነው። ካልቻልሽ አትሸማቀቂ፣ ሌላ ሰው አናግሬያለሁ።»

እንኳየሁ ከዳኛው ጋር ዓመታት ሠርታለች፤ ግን ስቱኮ የምትሞላው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋ የምታለሰልሰው እሷ ነበረች፣ ቀለሙን የሚቀባው እሱ። ይህ ሥራ ካመለጣት የሚቀራት የሌላ ቀቢ በር እየፈገፈጉ መኖር ነው። ይህን አሰበችና፣ መርጫዋ ትመጣ እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ፣ «እችላለሁ» አለች።

አሁን መርጫዋ መጥታለች፤ ችሎታው ግን ገና አልመጣም። ሐምዛን ጠራችው።

ሐምዛ የዳኛው ጓደኛ ነው። ጋራዥ ውስጥ መኪና ይቀባል፤ ከጎንደር ማክሰኝት ከሚመላለሱት ሚኒባሶች እኔ ያልቀባሁት ካለ ገና ያልተጋጨ ነው ይላል። መርጫዋን ዞር ዞር ብሎ አያትና እጅጌውን ሰበሰበ።

«ቀላል ናት። መርጫ መርጫ ነው።»

«አየር የላትም እኮ።»

«አየር ከሌላት በምን ትተፋለች?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ ብዬ ነው የጠራሁህ።»

አጥሩ ላይ የፍሪጅ ካርቶን ሰቀሉ። ከግድግዳ የተረፈ ነጭ ቀለም በባልዲ አቅርበው የመምጠጫዋን እግር ነከሩት። ሐምዛ ማብሪያውን ሲጫን መርጫዋ አንጎራጎረች፤ ከዚያ እንደ ተጠማ ሰው ትስብ ጀመር።

«ጠጣች! ጠጣች!» አለ ሐምዛ እንደ ልጅ እየዘለለ። ቱቦው ቀስ እያለ ጠነከረ፤ መሬት ላይ እንደ እባብ ተላወሰ። እንኳየሁ ወደ ኋላ ሸሸች።

ሐምዛ ሽጉጡን ይዞ እንደ መኪና በር ተጠጋውና ክንዱን አወዛወዘ። ካርቶኑ መሀሉ ላይ ወፍሮ፣ ዳርና ዳሩ ሳስቶ፣ ወዲያው ቀለሙ በአራት መስመር ቁልቁል መውረድ ጀመረ።

«ይህ መስታወት አይደለም» አለች እንኳየሁ።

«ዝም በይ፣ ገና እየተዋወቅን ነው።»

ሁለተኛውን ሊጀምር ሲል መብራት ጠፋ። መርጫዋ ጸጥ አለች። ሐምዛ ማብሪያዋን ነካ ነካ አደረገ፣ ሆዷን መታ መታ አደረገ።

«ሞታለች» አለ።

«አልሞተችም። መብራት ነው የጠፋው።»

«እኮ፣ ሞታለች። እይ» አለና ሽጉጡን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ ምላጩን ሳበ።

ጉዳዩ፣ መብራት ቢጠፋም የተጨመቀው ቀለም ቱቦው ውስጥ ታፍኖ እንደሚቀር ሁለቱም አያውቁም ነበር። «ፕሽሽሽሽ!» አለች መርጫዋ። ነጩ ደመና ወደ ላይ ወጣ፣ ትንሽ አሰበ፣ ከዚያም ሁለቱ ላይ ወረደ። እንኳየሁ ዓይኗን ስትገልጥ ጥቁር ቀሚሷ ነጭ ነው፣ ጥቁር ሻሿ ነጭ ነው፤ ሐምዛ ከነጢሙ ሽማግሌ ሆኗል።

በዚህ ቅጽበት የግቢው በር ተከፈተ።

የገቡት አያ ሰውአገኝ ናቸው፤ የዳኛው ታላቅ ወንድም። ከመካነ ብርሃን ገብስ አስጭነው የወንድማቸውን ቤት ሊጠይቁ መምጣታቸው ነው። በሩ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። ዱላቸው እጃቸው ላይ ቀረ።

«ምነው እንኳየሁ!» አሉ። «ምነው! ወንድሜ ዓመቱ እንኳ ሳይሞላ ነጭ?»

እንኳየሁ ልትመልስ አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሳቅ ነው። አፏን በእጇ ያዘች፤ እጇ ነጭ ነበርና አፏም ነጭ ሆነ። ያን ጊዜማ ጨርሶ አቃታት፤ ባልዲው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከሐምሌ ወዲህ ስቃ አታውቅም።

«አያ ሰውአገኝ፣ ወላሂ እኔም ስመጣ እንዲህ አልነበርሁም» አለ ሐምዛ።

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«ሐምዛ ነኝ፣ አያ! ለቅሶው ላይ ድንኳን አብረን ተክለን የለ?»

«ሐምዛስ ልጅ ነበር።»

እንኳየሁ እንደምንም ተነሥታ «ዳኛው ያዘዛት ናት» አለች፣ ወደ መርጫዋ እያመለከተች። «ዛሬ ደረሰች።»

አያ ሰውአገኝ ጠጋ አሉ። ዱላቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው፣ በሬ ሊገዛ እንደ ቆመ ሰው መርጫዋን ዞሯት። እግሯን አዩ፣ ጀርባዋን ዳሰሱ።

«ሸጋ ናት» አሉ በመጨረሻ። «ለገብስ ተባይ፣ ለክሽክሽ ትሆናለች?»

«ይህቺ ብትረጨው፣ አያ፣ ገብሱም ክሽክሹም ነጭ ነው የሚሆነው» አለ ሐምዛ። አያ ሰውአገኝ ጢማቸውን ያዙ፤ እንዳይስቁ ነበር፤ አልሆነላቸውም።

መብራት ሲመጣ ሽጉጡን እንኳየሁ ያዘች። የዳኛውን አቋቋም አስታወሰች፤ ጉልበት ሸብረክ፣ ክንድ ቀጥ፣ እጅ ከካርቶኑ ስንዝር ተኩል ያህል ራቅ፣ አንጓ ሳይታጠፍ። ቆመች፣ ምላጩን ሳበች፣ ሄደች። መሀሉ ሸጋ ወጣ፤ መነሻው ላይ ግን ቀለሙ ወፍሮ ወረደ። ደገመችው፤ እንደዚያው። አሁንም ደገመችው።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ አያ ሰውአገኝ። «አንቺ ቆመሽ ነው የምትከፍቺው። እኛ መድኃኒቱን በጀርባችን አዝለን ስንረጭ ቆሞ የከፈተ ሰው ገብሱን መነሻው ላይ ያቃጥለዋል። መጀመሪያ እርምጃሽ ይቅደም፤ እየሄድሽ ክፈች። ስትጨርሺም መጀመሪያ ዝጊ፣ ከዚያ ቁሚ።»

«እንዴት?»

ጋቢያቸውን አጣፉና አሳዩ። ባዶ እጃቸውን ወደ አጥሩ ዘርግተው በጎን በጎን እየተራመዱ፣ «ሂድ… ክፈት… ዝጋ… ቁም» አሉ። እንኳየሁ ከኋላቸው ሽጉጡን ይዛ ተከተለች። ሐምዛም ብቻውን መቆም ከብዶት ባዶ እጁን ዘርግቶ ከኋላዋ ገባ። ሦስቱ በአጥሩ ሥር እንደ ሸርጣን በጎን እየሄዱ ሲመላለሱ ጎረቤቶቹ በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቀው ያያሉ። አንዲቱ «እግዜር ያጽናሽ» አለች፤ ሌላ የምትለው ጠፍቷት ነው።

በመጨረሻው ካርቶን ላይ ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር እኩል ተኛ። አንድ መስመር እንኳ አልወረደም። 

አያ ሰውአገኝ ወደ ቤት ገብተው ሚስማር ላይ የተሰቀለውን የዳኛውን ሰማያዊ ቱታ አወረዱ። ከሐምሌ ጀምሮ ማንም ነክቶት አያውቅም። ለእንኳየሁ ሰጧት።

«ለሥራ ስትሄጂ ይህን ደርቢ። ከላይ የፈለገው ይሁን፤ ከሥር ጥቁሩ አለ። የሚናገር ሰው ካለ ወደ እኔ ላኪው።»

እጅጌውንም እግሩንም ሦስቴ አጥፋ ለበሰችው።

ቁስቋም ሲሄዱ ሦስቱም ሄዱ። አያ ሰውአገኝ ነገ ወደ አገሬ እመለሳለሁ እያሉ ሰንብተው ነበር። በሮቹን ከማጠፊያቸው ፈትተው ሳሎኑ ውስጥ በየግድግዳው አቆሙ፤ ወለሉን ጋዜጣ አነጠፉበት፣ መስኮቱን በላስቲክ ሸፈኑት። እንኳየሁ የጓዳውን በር ግን እንዳይፈታ ከለከለች። ቀለሙን የምታጠልልበት ስስ ጨርቅ ስትፈልግ ሐምዛ ከኪሱ የሴት ካልሲ አወጣ።

«የማን ነው?»

«የሚስቴ።»

«ታውቃለች?»

«ስታውቅ እዚሁ ነው የማድረው።»

መጀመሪያ የበሩን ጠርዝ፣ ቀጥሎ ጎድጎድ ያለውን ጌጥ፣ በመጨረሻ ሜዳውን። እያንዳንዱን ስስ አድርጋ፣ አንዱን መስመር በሌላው ላይ በግማሽ እየደረበች ሄደች። መሀል ላይ መርጫዋ አፏ ተደፍኖ እንደ ድመት አነጠሰች፤ እንኳየሁ የአፏን ቁልፍ ወደ ኋላ አዙራ ባልዲ ውስጥ አስተፋቻትና መልሳ አዞረች። ይህን ዳኛው በጭልፋው እጀታ ስንት ጊዜ አሳይቷታል። ዞኮሎው ላይ ሲደርሱ አያ ሰውአገኝ ካርቶን ይዘው ግድግዳውን እየከለሉ ከፊቷ ከፊቷ ተንፏቀቁ። «ሂጅ… ክፈች… ዝጊ!» ሲሉ ድምፃቸው እርሻ ላይ እንዳለ ሰው ነበር። ሐምዛ ከወዲያ ማዶ «አያ፣ በሬ እኮ አይደለችም» ይላል። «በሬማ ቶሎ ይገባዋል፤ አንተን ነው የሚያስቸግረኝ» ይሉታል።

ሲስተር ፀደይ ከሥራ ስትወጣ በዚያው መጣች። ሳሎኑ በር ላይ ቦርሳዋን እንደያዘች ቆመች። በሮቹ ተደርድረዋል፤ የመስኮቱ ብርሃን በእያንዳንዱ ላይ ሳይሰበር ተኝቷል። እንኳየሁ ሽጉጡን ዝቅ አደረገች።

ሲስተር ፀደይ ቀስ ብላ ሄዳ የመጀመሪያውን በር በጣቷ ነካችው።

«ሲስተር!» አለች እንኳየሁ።

ጣቷ ነጭ ሆኖ ወጣ። በሩ ላይ አሻራዋ ተቀምጧል፣ መሀሉ ላይ፣ ልክ እንደ ማኅተም።

«አልደረቀም ነበር?»

«እርስዎ ቁስል ሰፍተው ሳይጨርሱ እንዲህ ቢነካብዎት ምን ይላሉ?»

ሲስተር ፀደይ ጣቷን አየች፣ በሩን አየች፣ ቱታው ውስጥ የጠፋችውን እንኳየሁን አየች፤ ከዚያ ሳቀች። «ያናገርሁትን ያንን ሌላ ቀቢ ደውዬ እንዳይመጣ እነግረዋለሁ» አለች። «ይህን አሻራ ብቻ አጥፊልኝ፤ ዘመዶቼ ካዩት አይለቁኝም።»

ሐምዛ እጁን ወደ ላይ ዘረጋና ዘለለ። አያ ሰውአገኝ «ቀስ፣ ጋዜጣውን!» አሉ።

ሁለተኛውን ቀለም ቀቡ፤ ደረቀ፤ በሮቹን መልሰው ሰቀሉ። ኅዳር ስድስት የሲስተር ፀደይ ዘመዶች ከንግሡ ተመልሰው ቤቱን ሞሉት፤ ልጆቹ በየበሩ መልካቸውን እያዩ ምላሳቸውን ሲያወጡ ዋሉ። ሁለት ሰዎች የእንኳየሁን ስልክ ቁጥር ጠየቁ። ሐምዛ «የምታዟት ከሆነ ቶሎ ነው፤ ቀጠሮ እየሞላ ነው» ብሎ ዋሸላት። አያ ሰውአገኝ በማግስቱ ወደ መካነ ብርሃን ሄዱ።

ከበዓሉ በፊት ዕቃ ሲሰበስቡ ሲስተር ፀደይ ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። በውጭ በኩል ዳኛው ከመታመሙ በፊት በብሩሽ የቀባው ቀለም አለ፤ ቀረብ ብሎ ላየው መስመሩ ይታያል። በውስጥ በኩል ገና የመሠረት ቀለሙ ብቻ ነው።

«ይህስ?» አለች።

«እሱ ይቆይ፣ ሲስተር። እኔ እመለስበታለሁ።»

የጓዳው በር የውስጥ ወገን እስካሁን አልተቀባም።