በርሜሉ ላይ የተጻፈው ቃል

ልጄ ሐያት ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ እንግሊዝኛ ስታጠና ቆይታ ቀና አለችና፣ «አባ፣ ከቃል ፊት የሚገባው ‹ኢን› ምን ማለት ነው?» አለችኝ። ቀላል ጥያቄ ነበር። እኔ ግን መልስ ሳልሰጣት ተነስቼ ወደ ደጅ ወጣሁ። ተቀይማኝ ይሆናል።

በእሷ ዕድሜ ሳለሁ፣ ከተወለድኩበት ከወግዲ ገጠር መጥቼ መካነ ሰላም ከታላቅ ወንድሜ ከሰይድ ጋር እየኖርኩ እማር ነበር። ሰይድ በያጅ ነው። በርና መስኮት ይሠራል፣ የተሰበረ ጋሪ ይጠግናል። ከትምህርት ቤት ስመለስ የመዶሻው ድምፅ ገና ከባሕር ዛፎቹ ማዶ ይቀበለኛል። እንጀራ ከሌለ ገብስ ቆልተን በሻይ እንበላለን፤ ለእኔ ያ ኑሮ ድሎት ነበር።

በዚያ ዓመት መምህር ግዛቸው የሚባል ወጣት የእንግሊዝኛ አስተማሪ መጣልን። ቃል በቃል መሸምደድ አይወድም። «የእንግሊዝኛ ብዙው ቃል ከላቲን የመጣ ነው። ሥሩን ያዙ፣ ቅርንጫፉ ራሱ ይከተላችኋል» ይለናል። ‹ፖርት› መሸከም ነው አለን፤ ትራንስፖርትም፣ ኤክስፖርትም፣ ሻንጣ ተሸካሚው ፖርተርም ከዚያው ወጡ። ‹ማኑስ› እጅ ነው፤ ማኑዋል ከእሱ መጣ። ‹ኢን› ደግሞ አፍራሽ ነው፤ ኮሬክት ትክክል ከሆነ፣ ኢንኮሬክት ትክክል ያልሆነ ነው። ያን ሰሞን መንገድ ላይ ያየሁትን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሁሉ እየበለትኩ ነበር የምሄደው።

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ፣ ዳቦ ጋግረው የሚሸጡት እትዬ ጦይባ ባዶ በርሜል በጋሪ አስጭነው መጡ። በደጎሎ በኩል ካለፈ የጭነት መኪና የተገዛ ነው። ሰይድ ለሁለት ሰንጥቆ የዳቦ ምድጃ እንዲሠራላቸው ፈልገዋል። በርሜሉ ጎን ላይ በቀይ ቀለም አንድ ረጅም ቃል ተጽፏል።

«እንድሪስ፣ ና እስቲ፣ ምን ይላል?» አለኝ ሰይድ።

«ኢንፍላመብል» ብዬ አነበብኩ። ከዚያ እንደለመድኩት በለትኩት። ‹ፍላማ› ነበልባል ነው፣ ‹ኢን› አፍራሽ ነው። «የማይነድ ማለት ነው፣ ጋሼ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለና መበየጃውን አነሳ።

እትዬ ጦይባ ግን ወደ በርሜሉ አፍ ጎንበስ ብለው አሸተቱና ፊታቸውን አዞሩ። «ወላሂ፣ ይሄስ ቤንዚን ቤንዚን ይላል!»

እኔም አሸተትኩ። እውነታቸውን ነው። አፍንጫዬ ይነዳል ይላል፣ ትምህርቴ አይነድም ይላል። ማንን እንደማምን ጠፋኝ። «ጋሼ፣ ቆየኝ፤ መምህራችንን ጠይቄ ልምጣ» ብዬ እየሮጥኩ ሄድኩ።

መምህር ግዛቸው የተከራየው ቤት በር ላይ ልብሱን ያጥባል። ቃሉን ስነግረው ሳያስብ፣ «የማይነድ ነዋ!» አለኝ። ወዲያው ግን እጁ የሳሙናው አረፋ ውስጥ እንዳለ ቀረ። «ቆይ... ኢምፖርት የምንለውስ? እዚያ ላይ እኮ ‹ኢን› ‹ኢም› ሆኖ ‹ወደ ውስጥ› ነው እንጂ አፍራሽ አይደለም። ሁለት ‹ኢን› አለ ማለት ነው! ይሄኛው የሚነድ ነው! እንድሪስ፣ በርሜሉ የት ነው ያለው?»

ሁለታችንም ሮጥን። የገበያው ሰውና አህያው መንገዱን ዘግቶታል። ቤታችን ከመድረሳችን በፊት ምድር የተሰነጠቀች የሚያስመስል ድምፅ ሰማን።

ስንደርስ የበርሜሉ ክዳን የጎረቤት ጣሪያ ላይ ወጥቷል፤ ሰይድ በርሜሉ አጠገብ በጎኑ ወድቋል። እትዬ ጦይባ እኔን እየጠበቁ እበሩ ላይ ቆመው ነበርና አልተነኩም። «ቆይ ብዬው ነበር፤ ‹እንድሪስ አንብቦታል፣ አይነድም› ብሎኝ ጀመረ» እያሉ ያለቅሳሉ። ሰይድ ግራ ክንዱ ተቃጠለ፤ ግራ ጆሮውም ከዚያን ቀን ወዲህ ሰምቶ አያውቅም።

ሐኪም ቤት በተኛ ጊዜ መምህር ግዛቸው ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጣ። ሊያስረዳውም ሞከረ። «በአማርኛም እኮ አለ። ‹አልሄድም› ሲባል ‹አል› አፍራሽ ነው፤ ‹አልጋ› ሲባል ግን አይደለም» አለው።

ሰይድ በፋሻ የተጠቀለለ ክንዱን አየ። «ታዲያ ሰው የሚገድል ነገር ላይ እንዲህ ያለ ቃል ለምን ይጽፋሉ?»

መምህሩ ብርቱካን አንስቶ ይልጥለት ጀመር። ቃሉን ከእኛ በፊት የጻፉት ሰዎች አልዋሹም፣ እኔም የተማርኩትን ነው ያነበብኩት፣ መምህሩም ሐሰት አላስተማረንም። ወንድሜ ግን ተቃጥሏል። ይኼን ሁሉ አንድ ላይ አስቀምጬ ባየው ባየው አልገጥም አለኝ። ይባስ ብሎ የተቆጣኝ ሰው የለም። እናታችን ከወግዲ መጥታ ሳመችኝ፤ ሰይድም እንደዳነ ጫማ ገዛልኝ። ቢቆጡኝ ቢያንስ የጥፋቴን ልክ አውቀው ነበር።

ባለፈው እሑድ፣ ከሐያት ጥያቄ ሸሽቼ ስወጣ፣ በቀጥታ የሄድኩት ወደ ሰይድ ቤት ነው። አሁን አርጅቷል፤ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። አጠገቡ ተቀመጥኩና ስንት ዘመን ያፈንኩትን ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ያኔ ለምን አልተቆጣኸኝም?»

ሰይድ የታጨደውን ማሳ እያየ ራሱን ነቀነቀ። «አዎ፣ ዘንድሮ ስንዴው ጥሩ ነው» አለኝ።

በግራው በኩል ተቀምጬ ኖሯል። ዞሬ በቀኙ ልጠይቀው ተነሳሁ፤ ፊቱን ሳየው ግን ፈገግ ብሏል። ሰምቶኝ ይሁን ሳይሰማኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ተመልሼ እዚያው ተቀመጥኩ።